በር ላይ የተነገረ

እንደምን ከረማችሁ? ሰፈሩ ሰላም ነው? ልጆች፣ ከብቶች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና? እኔም ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ምንም አልል። በሉ አረፍ በሉና የአንዲት ልጅ ነገር ላውጋችሁ።

የአገሩን ስም አልጠራውም። ብጠራው ከመሃላችሁ አንዱ ይነሳና «እኔ እዚያ ዘመድ አለኝ፣ እንዲህ አይደለም» ይለኛል፤ ወጋችንም ክርክር ይሆናል። ደጋ አለው፣ ቆላ አለው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ይሄ ይበቃል። እኔ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ከዚያም ጥቂት ገፋ አድርጌአለሁ፤ የቀረውን ያስተማሩኝ መጋዝና መዶሻ ናቸው። ሥራዬ የስኮላርሺፕ ተማሪዎችን ወንበር መጠገን ነበር።

ይህን ላብራራው። በዚያ አገር ለጎበዝ የድሃ ልጅ ስኮላርሺፕ ሲሰጠው የሚሰጠው ወንበር ነው። የምር ወንበር፤ አራት እግር ያለው፣ መደገፊያው ላይ ማኅተም በእሳት የተመታበት። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይረከበዋል፣ ከዚያ በኋላ ከክፍል ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተሸክሞት ይዞራል። በአባታቸው ገንዘብ የሚማሩት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የስኮላርሺፕ ልጅ ከወንበሩ ሌላ ላይ ከተቀመጠ ግን ደንብ ጣሰ ይባላል። ዝናብ ሲመጣ ገልብጠው ራሳቸው ላይ ይደፉታል። ቅዳሜ ኳስ ሲጫወቱ ጎል የሚያደርጉት እሱን ነው። የተጣሉ ፍቅረኞች ወንበራቸውን ጀርባ ለጀርባ ያዞራሉ፤ ሲታረቁም እኔ ጋ ያመጡታል፣ ንዴት ያለበት ሰው ወንበር አያስቀምጥም፣ ይወረውራል እንጂ። «ለምን ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እንጀራዬ ነበር።

ባለወንበሮቹ ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተልከው ሕዝብ ያገለግላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የሠሩትን ይዘው፣ ወንበራቸውን ተሸክመው ሹሙ ፊት ይቀርባሉ። ሹሙ ከተቀበለው ወንበሩ ላይ ሁለተኛ ማኅተም ይመታል፣ ልጁም ትምህርቱን ይጨርሳል። ካልተቀበለው ልጁ ወንበሩን እዚያው ትቶ ወደ አገሩ ይገባል።

ደብሪቱ እኔ ዘንድ የመጣችው ገና የመጀመሪያ ዓመት ሳለች ነው። ከሩቅ አገር የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ነገር የሚፈልግ ልጅ። በእነሱ ቤት ከእሷ በፊት ክፍል ገብቶ ወንበር የያዘ ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ይሄ ወንበር ይወዘወዛል» አለችኝ።

«አንቺ እንዳትሆኚ የምትወዘወዢው። ምሳ በልተሻል?»

ሳቀች። እግሩን እየመታሁ ምን እንደምትማር ጠየቅኋት።

«ዳታ ሳይንስ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ብዙ ሰው የተናገረውን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ምን ሊል እንደፈለገ ማወቅ ነው።»

«ታዲያ ይሄ የሽምግልና ሥራ አይደል እንዴ?»

«እሱ ነው አባባ። በኮምፒውተር ሆነ እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ወንበሯ ቢወዘወዝም ባይወዘወዝም ትመጣ ነበር። የሆነውን ሁሉ የማውቀው እሷ እያጫወተችኝ ነው፤ መጨረሻውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለአገልግሎት የተላከችው «የደህና መሥሪያ ቤት» ወደሚባለው ነበር። የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ሕዝቡ ደህና መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። ደህና ያልሆነ፣ ውሃ የጠፋበት መንደር ከተገኘ የሚላክ አንድ ትልቅ የጉድጓድ ቁፋሮ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ከቆመ ስለቆየ ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል። ሰኞ ሰኞ በውሃ ያጥቡታል፣ ለበዓል ቀለም ይቀቡታል። ሄዶ ግን አያውቅም።

የማይሄደው በስንፍና እንዳይመስላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ትጉህ ነበር። ጠያቂዎቹ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ገብተው ይቀመጣሉ፣ «እንደምን ናችሁ?» ይላሉ። ባለቤቱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጎረቤቱ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ጠያቂዎቹ ደህና ብለው ይመዘግባሉ። ደህና የሆነ ቦታ በአረንጓዴ ይቀባል። የአገሩ ካርታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነበር። ሌላ ቀለም ተገዝቶም አያውቅ።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም ሊቀ ደህና ዘርጋው ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልዋሽም። ነጭ ልብስ ይወዳሉ፤ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የእናትሽን ጤና ጠይቀው፣ የአክስትሽን ጠይቀው፣ የማያውቁትን የጎረቤትሽን በሬ ጤና ሳይጠይቁ ወደ ሥራ አይገቡም። ደብሪቱን «የሰበሰብነውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ አስተምሪልንና መኪናው መጀመሪያ የት መሄድ እንዳለበት ይንገረን» አሏት።

ልጅቷ ዓይኗ እስኪቀላ ሠራች። ኮምፒውተሩም መለሰ፦ መኪናው የትም አይሂድ።

«አየሽ?» አሉ ሊቀ ደህና፣ ደስታቸው ፊታቸው ላይ እየፈሰሰ። «ማሽኑም መሰከረልን!» በመሥሪያ ቤቱ ዳቦ ተቆረሰ።

ደብሪቱ ግን ዳቦዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች፤ አልበላችውም። «አባባ፣ ኮምፒውተር ጨዋ ልጅ ማለት ነው፣ የነገሩትን ያምናል። እኔ ግን ይሄን ያህል ደህና ሰው አንድ አገር ላይ አይቼ አላውቅም። የእኛ ዶርም እንኳ ሁልጊዜ አንድ የሚያለቅስ አለበት።»

ራሷ ሄዳ ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። ሊቀ ደህና አልከለከሏትም። «ሂጂ ልጄ፤ ሰላምታዬንም አድርሺልኝ» አሏት። ወንበሯን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭና ታችኛው መንደር ወደሚባል ቦታ ወረደች።

የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ይመኙሻል ነበር። ሦስት ልጆች ያሏቸው፣ ምላሳቸው ፈጣን፣ እጃቸው ሰፊ ሴት ናቸው። ደብሪቱ ወንበሯን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«እንደምን ናችሁ እትዬ?»

«ደህና ነን የኔ ልጅ። ልጆቹ ደህና፣ ላሟ ደህና። አንቺስ? ይሄን ወንበር የተሸከምሽው ለስለት ነው?»

«የትምህርት ነው። ውሃስ እንዴት ነው?»

«ውሃም ደህና ነው፤ ምን ይሆናል?» አሉና የመጠጥ ውሃ አቀረቡላት። ብርጭቆው እስከ ግማሹ ነው የተቀዳው። ስትጠጣ ትንሿ ልጅ ከበሩ ጥግ ሆና ውሃውን ባይኗ እየተከተለች ነበር፤ ከብርጭቆው ወደ ደብሪቱ አፍ፣ ከአፏ ወደ ብርጭቆው።

ደብሪቱ ደህና ብላ መዘገበች። ሌላ ምን ትበል? ተነስታ ወንበሯን አነሳች። እትዬ ይመኙሻልም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ፤ እንግዳ ብቻውን ከቤት አይወጣማ። እስከ አጥሩ በር ሸኟት። በሩን ከፍተው ሳያሳልፏት፣ ክርኗን ያዝ አደረጉ።

«እኔ የምልሽ…» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፓምፑ እኮ ከተሰበረ ሁለተኛ ክረምት መጣበት። የምንቀዳው ከገደሉ ሥር ነው። ባለፈው ያቺ ትንሿ ተንሸራታ ክንዷ ወልቆ ወጌሻ ነው የመለሰልኝ። ብቻ ይሄን አትጻፊው፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው።»

ደብሪቱ ወንበሯን አወረደች። «እትዬ፣ ቅድም ስጠይቅዎት ደህና ነው አላሉኝም?»

«እንዴ! እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ፣ ውሃዬን እየጠጣ፣ ውሃ የለም ልበለው? አንቺንስ እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?»

እውነትም እናቷ እንዲያ አላሳደገቻትም።

ሁለተኛው ቤት ገባች። ተቀምጠው ሁሉ ደህና፤ በሩ ላይ ሲደርሱ «እኔ የምልሽ…»። ሦስተኛውም እንዲሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከበሩ አልፈው እስከ ትልቁ ዋርካ ድረስ ሸኟት። በሩ ላይ የወገባቸውን ነገር ነገሯት፤ መታጠፊያው ላይ የከብቶቻቸውን ማለቅ፤ ዋርካው ሥር ሲደርሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ልጃቸው ውሃ አለበት ወደተባለ አገር ሄዶ እንደቀረ ነገሯት። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «በይ እንግዲህ፣ ደህና ነን በያቸው» ብለው ተመለሱ።

ማታ ዶርሟ ስትገባ ፊቷ ያበራ ነበር አሉ። የክፍሏ ልጅ ሰዓዳ፣ እሷም ባለወንበር ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ «ምን ሆንሽ? ባል አገኘሽ?» ብትላት፣ «የት እንደሚናገሩ አገኘሁ!» አለቻት። «አገሩ ሁሉ እውነቱን ይናገራል ሰዓዳ። የሚናገረው ግን ሲሸኝ ነው። እኛ ደግሞ መዝገባችንን የምንዘጋው ገና ሳንነሳ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዩት! ደብሪቱ ባለወንበሮቹን አስተባበረች። ቅዳሜና እሑድ ኳሱ ቀረ፤ ልጆቹ ወንበራቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው እንደ ጉንዳን በመስመር ቁልቁል ይወርዳሉ። የደንቡን ለደንቡ፣ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ከዚያ ይነሳሉ። የሚመዘግቡት ከተነሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው፤ ያውም «ልጻፈው?» ብለው ባለቤቱን አስፈቅደው።

«አንቺ፣ ሰው ዲግሪ ይይዛል፣ አንቺ በር ትይዣለሽ» ትላታለች ሰዓዳ። ግን እሷው ነበረች ብዙ በር የያዘችው።

የተሰበሰበው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። አሁን የመለሰው ሌላ ነው፦ መኪናው ዛሬውኑ ይነሳ፣ ታችኛው መንደር ይጀምር፣ ከዚያም እንዲህና እንዲያ ይቀጥል። ካርታው አዲስ ቀለም አስፈለገው። አረንጓዴ ብቻ ስለነበር የሰዓዳን ቀይ የጥፍር ቀለም ተጠቀሙ። ጠርሙሱ አልበቃም፤ ከዶርሙ ሴቶች ሁሉ ተለመነ።

ማቅረቢያው ሲደርስ ሰዓዳ ጭንቅ ያዛት። እኔ የደብሪቱን ወንበር እግር በአዲስ ሙጫ እያጣበቅሁ ነበር፤ ሁለቱም አጠገቤ ቆመዋል።

«ደብሬ፣ የድሮውን ስጪያቸው» አለች ሰዓዳ። «አረንጓዴውን። ማኅተምሽን ተቀበይ፣ ጨርሺ፣ ትልቅ ሰው ሁኚ፣ ያኔ ቀዩን ታወጪዋለሽ።»

«ትልቅ ሰው ስሆን ቤቴ መጥተው ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ፣ አለቀ።»

«ወንበርሽን ቢወስዱትስ? እናትሽን ምን ልትያቸው ነው?»

«ሰዓዳ፣ እነዚያ ሰዎች የነገሩኝ ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም» አለች ደብሪቱ። «ክርኔን ይዘው፣ ልጄ ብለው ነው የነገሩኝ። ልጅ ነኝ ብዬ ሰምቼ፣ ባለወንበር ነኝ ብዬ ልካድ?»

ሙጫው ገና ስላልደረቀ ወንበሩን እኔ ልሸከምላት ተነሳሁ። መጨረሻውን ለማየት የበቃሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሊቀ ደህና እንደ ወጉ ተቀበሉን። የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ የእኔን ጉልበት ጠየቁ። ሁላችንም ደህና ነበርን። ደብሪቱ ካርታውን ዘረጋችው። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ ደግመው አደረጉ።

«ቀይ ነው» አሉ።

«አዎን ክቡር ሊቀ ደህና።»

«ይሄ ሁሉ መልስ ከየት መጣ? የእኛ ሰዎች ሲጠይቁ ያልተባለ?»

«በር ላይ ነው የተነገረን። ሲሸኙን።»

ሊቀ ደህና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ የለባቸውም። «ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ፣ ደክመሽበታል። ነገር ግን ደንባችን ግልጽ ነው። መልስ ማለት ተቀምጦ የተሰጠ ነው። ቆሞ የተነገረ ጨዋታ ይባላል። በጨዋታ መኪና አይንቀሳቀስም።»

«ክቡር ሊቀ ደህና፣ ተቀምጠውማ እንግዳ ማክበር ስላለባቸው…»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል። ባህላችን ነው። ግን አልቀበለውም።» ወደ ወንበሩ አመለከቱ። «ማኅተም አልመታም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወንበሩን እዚሁ ተዪው።»

ደብሪቱ መደገፊያውን በእጇ ዳሰሰችው። እኔ ይሄን ወንበር ስንት ጊዜ እንደመታሁት የማውቅ ሰው፣ እግሮቹ አራቱም በአንድ ጊዜ የተነቀሉ መሰለኝ። አላለቀሰችም። ካርታዋን ጠቅልላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ወደ በሩ ዞረች።

ሊቀ ደህናም ከመቀመጫቸው ተነሱ። ምን ያድርጉ? እንግዳ ብቻውን አይወጣማ። ወንበር የነጠቁትም እንግዳ ቢሆን።

ሦስታችን ግቢውን ተሻገርን። ሰኞ ስለነበር ሠራተኞቹ ያን ቁፋሮ መኪና እያጠቡት ነው፤ ውሃው በጎማው ሥር ኩልል ይላል። የግቢው በር ጋ ደረስን። በረኛው በሩን ከፈተ። ደብሪቱ ልትወጣ ስትል ሊቀ ደህና ክርኗን ያዝ አደረጉ።

«እኔ የምልሽ ልጄ…» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ግራና ቀኝ አዩ። «እኛም ሰፈር እኮ ውሃ ከቆመ ቆየ። ባለቤቴ ታማ ተኝታለች፤ የምታጠብበት የለም። ሰኞ ሰኞ እዚህ መኪናውን ሲያጥቡ በጀሪካን አስቀድቼ ነው የማደርስላት። ይሄን ነጭ ልብስ የምታዪው፣ የታጠበው በመኪና እጣቢ ነው። ሹም ሆኜ ለማን ልናገር? ማን ቤት ሄጄ?»

ደብሪቱ ዓይናቸውን አየች። ልታሸንፋቸው ብትፈልግ ጊዜው ያኔ ነበር። እሷ ግን ልክ እትዬ ይመኙሻል እንደያዟት፣ የእሳቸውን ክርን በሌላ እጇ ያዘች። «እግዜር ይማርልዎት» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «አባቴ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ መልስ?»

ውሃው ብቻ ይሰማል። ሊቀ ደህና መኪናውን አዩት፣ እጃቸውን አዩት፣ በሩን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሽ ፈንታ፣ ያን ወንበር ያምጡልኝ።»

ጉልበቴ እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። ወንበሩን አምጥቼ በሩ መሃል ላይ አቆምኩት። ልቤ ግን ፈራ፤ ሙጫው አልደረቀም፣ ሰውየው ደግሞ ከባድ ናቸው። ሊቀ ደህና ዘርጋው ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የስኮላርሺፕ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ያዘ።

«አሁን ጠይቂኝ» አሉ።

«እንደምን ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም» አሉ ሊቀ ደህና፣ ተቀምጠው። «ጻፊው።»

መኪናው በዚያው ቀን አልተነሳም፤ ውሸት አልነግራችሁም። መጀመሪያ ዶሮዎቹ መውረድ ነበረባቸው፣ ከዚያ ባትሪው ሞቶ ተገኘ፣ ከዚያ ባለወንበሮቹ መጥተው እየዘፈኑ ገፉት። ታችኛው መንደር ሲደርስ እትዬ ይመኙሻል «ይሄን ያህል ብረት ለአንዲት ፓምፕ? በሩንስ በምን ይገባል?» ብለው አሳቁን። የወጣው ውሃ መጀመሪያ ጭቃ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ያቺ ትንሿ ልጅ አፏን ቧንቧው ሥር ደግና፣ ማንንም ሳታይ፣ እስኪበቃት ጠጣች። ሁለተኛው ማኅተም ወንበሩ ላይ ተመታ። ቦታውን መርጬ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

ደንቡም ተሻሻለ። አሁን የመሥሪያ ቤቱ ጠያቂዎች ወንበር ይዘው የሰዉ አጥር በር ላይ ያስቀምጡና ባለቤቱን «እዚህ ተቀመጡና ንገሩን» ይላሉ። ሰዉም በሩ ላይ ከተቀመጠ ወዲያ እንደ ቤቱ ቆጥሮት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀመረ። ሊቀ ደህና ደነገጡ። ደብሪቱ ስትሰማ ሳቀች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ያኔ እዚያው መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። «እንግዲህ እኛም ከበሩ አልፈን መሄድ ነዋ» አለች። «እስከ ዋርካው ድረስ።» አሁንም ትሄዳለች፤ ካርታው ላይ ቀዩ በየጊዜው ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይጨምራል፤ ቀለሙ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይገዛዋል፣ የሴቶቹ ጥፍር ተገላገለ።

በሉ፣ መሸባችሁ። ተነሱ፣ ልሸኛችሁ። ጠንቀቅ በሉ፣ ደረጃው ላይ ጠጠር አለ።

እኔ የምላችሁ… ቅድም ደህና ነኝ ብያችሁ ነበር አይደል? ዓይኔ እኮ ደክሟል፤ ምስማሩን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል፣ የምመታው የሌለውን ሆኗል። ቤቱም ጭር ይልብኛል። ለእንግዳ ብዬ በዳሰሳ አንድ ወንበር ሠርቼ አስቀምጫለሁ፣ ትንሽ ይወዘወዛል። ስታልፉ ጎራ በሉና ተቀመጡበት።